ከጋፋት እሳት እስከ ማጉያው ቱቦ

[የክራር ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል]

እርሳስና ወረቀት ካላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ዛሬ ቁጥሮች አሉብን።

አሁን የሰማችሁት ክራር ማይክራፎን ፊት ቆሞ የተመታ አይደለም። ከክራሩ ሆድ ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ተቀባይ ተለጥፋለች። ከእሷ የሚወጣው ሽቦ አንድ የላሜራ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ላይ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ቆመዋል፤ ሲበሩ ሆዳቸው እንደ ከሰል ፍም ይቀላል። ሣጥኑ ከሱቅ አልተገዛም፤ እቤት የተሠራ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው፦ በቱቦ የሚሠራ የጊታር ማጉያን ከባዶ ላሜራ ተነስቶ በቤት መሥራት።

ማጉያ ስል አምፕሊፋየሩን ማለቴ ነው። በሠርግና በምርቃት ድንኳን ጥግ የሚቆመውን ትልቅ ድምፅ ማውጫ ሁላችንም ሞንታርቦ እንለዋለን። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው። ስሙን የራሳችን እስኪመስል ድረስ ለመድነው፤ ውስጡን ግን ከፍተን ያየን ጥቂቶች ነን። ዛሬ እንክፈተው።

ከመክፈታችን በፊት ግን ወደ ጋፋት ልውሰዳችሁ። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ማምረቻቸውን የተከሉት እዚያ ነበር። ሠራተኞቹ ዋልድሜየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሞሪትዝ ሆልን የመሳሰሉ አውሮፓውያን፣ ከእነሱም ጋር አብረው የደከሙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከአውሮፓውያኑ የሚበዙት ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ፣ ወንጌል ለማስተማር የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ። ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 7 ቶን ማለትም 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። ንጉሡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በዚያ ገደልና ሸለቆ መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ መድፉን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎተቱት።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉም አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ስለ ጋፋት ሲነገር ሁሉም ስለ መድፉ ክብደት ያወራል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ግን ማቅለጫው በቆመበት የቀረ መሆኑ ነው። ሙያው እዚያ ሥር ሰድዶ ቢሆን ኖሮ፣ የእነዚያ ሠራተኞች የልጅ ልጆች ዛሬ ምን በሠሩ እላለሁ።

ስለዚህ ይህን ማጉያ ሥሩ ስላችሁ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ከቻይና የመጣ ትንሽ ማጉያ መግዛት ይቀልላል። ልዩነቱ ሲበላሽ ነው። የተገዛው ውስጥ በዓይን የማይለይ ነገር አንድ ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ታጭቋል፤ ሲቃጠል የሚጣለው ሙሉው ነው። የቱቦ ማጉያ ግን እያንዳንዱ ክፍሉ በጣት ይያዛል፣ በቴስተር ይለካል፣ ይተካል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋፋት ተብሎ መጠራቱ ደስ ይለኛል፤ እዚያ ለምትማሩ ልጆቻችን ይህ ዝግጅት በተለይ ይድረሳችሁ።

[የጅራፍ ጩኸት ሁለት ጊዜ]

ይህን ድምፅ የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ የለም። ነሐሴ 13 የቡሄ ዕለት ከተማዋ በስሟ የሚጠራውን በዓል ስታከብር የሚጮኸው ጅራፍ ነው። እጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጫፉ ግን ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ይሄድና ይጮኻል። ትንሹን እንቅስቃሴ ወደ ትልቅ ድምፅ ስለለወጠ ጅራፍ ማጉያ ነው እንበል? አይደለም። ጅራፍ ከእጃችሁ ያገኘውን ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ ያጠራቅመዋል እንጂ ከሌላ ቦታ አምጥቶ አይጨምርበትም። ማጉያ ግን ይጨምራል።

ማጉያ የሚመስለው የመስኖ በርን ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ገበሬው ቦይ ያወጣላቸዋል። በቦዩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ በር በአንድ እጅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ በዚያች እንቅስቃሴ ልክ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ውኃ ግን ማሳ ያጥለቀልቃል። የውኃው ጉልበት ከገበሬው እጅ አልመጣም፤ ከተራራው ነው የመጣው። እጁ ያዘዘው መጠኑን ብቻ ነው። ማጉያችን ውስጥ ተራራው ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው። በሩን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የክሩ ንዝረት።

በሩ ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። እንግሊዞች ቫልቭ ይሉታል፤ አሜሪካኖች ቲዩብ። እኛ ቱቦ እንበለው። አየሩ ከውስጡ ተመጥጦ የወጣለት መስታወት ነው። በመካከሉ ማሞቂያ ክር አለ፤ ያቺ ቀይ ፍም እሷ ናት። ማሞቂያዋ ካቶድ የተባለውን ሽፋን ስታግለው ከካቶዱ ላይ ኤሌክትሮኖች ይተናሉ፣ ከጀበና አፍ እንደሚወጣ እንፋሎት። ዳር ላይ አኖድ የሚባል የብረት ግድግዳ አለ፤ በእሱ ላይ ከ 200 እስከ 300 ቮልት ስለሚጫን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። የእንዲህ ያለውን ቱቦ የመጀመሪያ ዓይነት በእ.ኤ.አ. 1904 የሠራው እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በሁለቱ መካከል አንዲት የሽቦ ወንፊት አስገባ፤ ግሪድ ትባላለች። የመስኖ በራችን እሷ ናት። ግሪዷ ላይ አንድ ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል በአኖዱ በኩል በአሥር የሚቆጠር ቮልት ከፍ ዝቅ ይላል። የሬዲዮ ስርጭት፣ የርቀት ስልክና የድምፅ ማጉያ ሁሉ የተገነቡት በዚህች ወንፊት ላይ ነው። ትራንዚስተር የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በእ.ኤ.አ. 1947 መጨረሻ ነው።

ታዲያ ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ጊታረኞች ለምን ከቱቦ አልተላቀቁም? ሁለት ሰዎችን ላንሳ። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፉለርተን በምትባል ከተማ በእ.ኤ.አ. 1938 የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። የጊታር ማጉያ መሥራት የጀመረው ከጥገና ነው። ጂም ማርሻል ደግሞ ለንደን ውስጥ ከበሮ የሚያስተምርና የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1962 እሱና ባልደረቦቹ የፌንደርን አንድ ማጉያ መሠረት አድርገው የራሳቸውን ሠሩ። ሁለቱም በቱቦ ሠሩ፤ የዓለም ሙዚቀኛ ጆሮም በዚያ ድምፅ ተቀረጸ። የእኛም ዋልያስ፣ ዳህላክ፣ አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ጊታርን የኢትዮጵያ ዘፈን አካል ያደረጉት ያ ድምፅ የጊታር መለኪያ በሆነበት ዘመን ነው። ቱቦ ዛሬም በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይመረታል፤ ዋናው ገዥው ጊታረኛ ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

ቱቦ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አታገኙም። መንገዱ የሞተ የድሮ ሬዲዮ ነው፤ እነዚያ በእንጨት ሣጥን የተሠሩ፣ ፊታቸው ጨርቅ የለበሰ፣ ሲከፈቱ እስኪሞቁ የሚያስጠብቁ የአውሮፓ ሬዲዮዎች። አንዱ የእናንተ ወይም የአያታችሁ ቤት ቆጥ ላይ ይኖራል። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ግን አትንኩት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ እየጠፋ ነው። የሞተውን ብቻ ውሰዱ። ውስጡ ለእኛ ሦስት ውድ ነገሮች አሉት፦ ለ 220 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመር፣ ከስፒከሩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ እና የመጨረሻው ጉልበት ሰጪ ቱቦ። በብዙዎቹ ይህ ቱቦ ኢኤል 84 የሚባለው ነው፤ 9 እግር ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል።

እዚህ ላይ እርሳሳችሁን አንሱ። ከቱቦው ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ተመልከቱ። በላቲኑ "ኢ" ከጀመረ ማሞቂያው በ 6.3 ቮልት ይሠራል፤ ይህ የምንፈልገው ነው። በ "ዩ" ከጀመረ ግን፣ ለምሳሌ ዩኤል 84 ከሆነ፣ ሬዲዮው የማሞቂያ ክሮቹን በተርታ አያይዞ በቀጥታ ከግድግዳው ኮረንቲ የሚበላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሬዲዮ በመካከሉ የሚለየው ትራንስፎርመር የለውም፤ ላሜራው ራሱ ኮረንቲ ይዞ ይቆማል። ከእሱ ማጉያ እንሥራ ብትሉ የጊታሩ ክር ከላሜራው ስለሚገናኝ፣ ጊታረኛው በጣቱ የሚነካው የግድግዳውን 220 ቮልት ይሆናል። ይህን ሬዲዮ ዝጉና ወደ ቆጡ መልሱት።

ሁለተኛው ቱቦ ኢሲሲ 83 ይባላል፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 ይሉታል። በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ማጉያ ስላለው ለእኛ አንዱ ይበቃል። ይህን ቱቦ በሬዲዮው ውስጥ ላታገኙት ስለምትችሉ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢያመጣው ጥሩ ነው፤ እንቁላል እንደሚያዝ በካርቶን ተጠቅልሎ ይመጣል።

ላሜራውን በማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ አስቆርጣችሁ እንደ ዳቦ መጋገሪያ እጠፉት። የቱቦ ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ብሱ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተርና መበየጃ ካላችሁ ሌላ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ለደጋ ሰው ልዩ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ከፍተኛ ቮልትም በእሱ ውስጥ በቀላሉ ይዘልላል። ስለዚህ የውጭ አገር ሥዕል ስትከተሉ በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ጨምሩ፣ ከላይና ከታች አየር መተላለፊያ ብሱ፣ 300 ቮልት የሚሄድባቸውን ሽቦዎችም ከላሜራው አርቁ።

አሁን የመጀመሪያውን ማጉያ በእርሳስ እናስላ። ኢሲሲ 83 በተለመደው አሠራር አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ ያሳልፋል። በአኖዱ ላይ 100 ኪሎ ኦም ረዚስተር እናደርጋለን። የኦምን ሕግ አስታውሱ፦ አንድ ሚሊ አምፔር በ 100 ኪሎ ኦም ሲባዛ 100 ቮልት። ስለዚህ ከላይ 250 ቮልት ካስገባን አኖዱ ላይ 150 ቮልት እናገኛለን። ካቶዱ ላይ 1.5 ኪሎ ኦም ስናስገባ በዚያው አንድ ሚሊ አምፔር 1.5 ቮልት ይቀመጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቴስተራችሁ ካሳያችሁ ቱቦው በሕይወት አለ። ካቶዱ ላይ ባዶ ካሳያችሁ ግን ማሞቂያው አልበራም፣ ወይም አንድ ብየዳ አልያዘም። እንዲህ የተሠራ ደረጃ፣ ከካቶዱ ረዚስተር ጎን ካፓሲተር ሲኖረው፣ ድምፁን ከ 50 እጥፍ በላይ ያሳድጋል። 20 ሚሊ ቮልት የሰጠ ክር አንድ ቮልት ይሆናል።

ከዚህ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የምትሻገረው ትንሽ ካፓሲተር 0.022 ማይክሮ ፋራድ ናት። ሥራዋ ድምፁን አሳልፋ 150 ቮልቱን ማስቀረት ነው። በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች ከዕድሜ ብዛት ያፈስሳሉ። ኢኤል 84 ፊት ያለችው ካፈሰሰች የቱቦው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ አኖዱ ደም መስሎ ይቀላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይሞታል። ካፓሲተሮቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ። በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ኢኤል 84 በ 250 ቮልት 48 ሚሊ አምፔር ሲያሳልፍ 12 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ የመቻል ጣሪያውም ይኸው ነው። ለካቶዱ 150 ኦም ረዚስተር ተጠቀሙ። ከዚህ የሚወጣው ድምፅ 5 ዋት ገደማ ነው። 5 ዋት ያንሳል ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ጥሩ ስፒከር ካለው ሰፊ ሳሎን ይሞላል።

[የአሮጌ ሬዲዮ ጩኸት፣ ጣቢያ ፍለጋ]

በልጅነቴ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ቡና ሊጠጡ ወጣ ሲሉ እኔ የስፒከሩን ሽቦ ፈትቼ ሬዲዮውን አበራሁት፤ ድምፅ እንዳይሰማብኝ ብዬ ነው። የሽቦ ሽታ መጣ፤ ትንሹ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ጋሼ ተመልሰው ሽታውን ሲሰሙ አልመቱኝም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ "ልጄ፣ በሬ ሞፈር ተፈትቶበት እየሮጠ አየህ ወይ? ይኸውልህ፣ ቱቦም የሚጎትተው ሲያጣ እንዲሁ ነው፤ ያገኘውን ይሰብራል" አሉኝ። እስከዛሬ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም።

ነገሩን በቁጥር ስናየው እንዲህ ነው። ኢኤል 84 መግፋት የሚችለው 5 ሺህ ኦም አካባቢ የሆነ ጭነት ነው። ስፒከራችን ግን 8 ኦም ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ትራንስፎርመሩ ነው፤ በአንድ ወገን የተጠመጠመው ሽቦ ዙሩ ከሌላው 25 እጥፍ ይበልጣል። 25 በ 25 ሲባዛ 625፣ በ 8 ሲባዛ 5 ሺህ። ስፒከሩ ሲነቀል ጭነቱ ጠፍቶ ቮልቱ ያሻቅባል፣ ጥምጥሙ ይበሳል። ስለዚህ ማጉያው ሲበራ ስፒከሩ ከቦታው መነቀል የለበትም። የተቃጠለ ሞተር መልሰው የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች በየከተማችን አሉ፤ ይህን ትራንስፎርመርም መጠቅለል ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፦ በብረቱ ቁርጥራጮች መጋጠሚያ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ክፍተት ይተዉ። የቱቦው ቋሚ ኮረንቲ በጥምጥሙ ስለሚያልፍ፣ ክፍተቱ ከሌለ ብረቱ ይሞላና ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ የምትሰሙት እንዝዝዝ የሚል ድምፅ ነው። አትደንግጡ፤ አድምጡት። የግድግዳው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ እጥፉ፣ 100 ይሆናል።

[የ 50 ኸርዝ ድምፅ፤ ቀጥሎ የ 100 ኸርዝ ድምፅ]

የመጀመሪያው ወፍራሙ ከሆነ ጥፋቱ ከማሞቂያው ሽቦ ወይም ከግራውንዱ አሠራር ነው፤ የማሞቂያ ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ጎንጉኑና ከላሜራው ጥግ አስይዙ። ሁለተኛው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ከሆነ ማጣሪያ ካፓሲተሩ አልበቃም ማለት ነው። ጆሮ እዚህ ላይ ከቴስተር ይቀድማል።

አሁን ወደ ራሳችን መሣሪያ። የጊታር ድምፅ ተቀባይ ማግኔት ነው፤ የሚሰማው የብረት ክር ብቻ ነው። ክራራችሁ የብረት ክር ካለው የጊታሩ ተቀባይ ይሠራለታል። የጅማት ወይም የናይሎን ክር ከሆነ፣ ወይም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት መሲንቆ ከሆነ ግን ማግኔቱ አይሰማም። ለእነዚህ ፒዬዞ የምትባለውን፣ ሳንቲም የምትመስል የነሐስ ክብ ቁራጭ ተጠቀሙ። የሚጮኽ የሰዓት ማንቂያ ውስጥ ትገኛለች። ከሆዱ ቆዳ ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ለጥፏት። ፒዬዞ ደካማ ናት፤ የሚጎትታትን አትወድም። የቱቦ ማጉያ መግቢያ አንድ ሚሊዮን ኦም ስለሆነ አይጎትታትም፤ ወፍራሙ ድምፅ ሳይቆረጥ ይገባል። ብዙ ርካሽ ማጉያዎች ላይ መሲንቆ እንደ ትንኝ የሚጮኸው መግቢያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው።

ቱቦ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ማዕበል ጫፍ በድንገት አይቆርጠውም፤ ያጎብጠዋል። ከዚያ መጉበጥ አዲስ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ከሁሉ የሚጎላው አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ነው፤ ለዚህ ነው ድምፁ የሚሞቀው። ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፦ የሁለቱ ድምርና ልዩነት። 200 እና 300 ኸርዝ አብራችሁ ብትመቱ 100 እና 500 ይወለዳሉ። አራቱም ተስማምተው ይቀመጣሉ። በጣም የተጠጉ ሁለት ድምፆች ከሆኑ ግን ልዩነታቸው ዝቅ ብሎ የሚያጉረመርም፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ነው።

ይህ ለቅኝቶቻችን ትልቅ ነገር ነው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ክሮች የሉም፤ ስለዚህ ማጉያውን አጥብቃችሁ ብትገፉትም፣ ድምፁ ቢሻክርም፣ ቅኝቱ ይከበራል። አንቺ ሆዬ ግን በእነዚህ የተጠጉ ድምፆች የተሞላ ነው፤ ውበቱም ከዚያ ነው። በአንቺ ሆዬ የተቃኘ ክራር እየተደረደረ ማጉያውን ብትገፉት ይታመሳል። ለአንቺ ሆዬ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፤ ወይም ክሮቹን አንድ በአንድ ምቱ። ይህን የሚነግራችሁ የውጭ አገር የማጉያ መጽሐፍ የለም፤ ለእኛ ሙዚቃ አልተጻፉምና። መሞከርና መመዝገብ ያለብን እኛው ነን።

የመጨረሻው ነገር ሕይወታችሁ ነው። እዚህ ሣጥን ውስጥ 300 ቮልት አለ። ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዘውት ይቆያሉ፤ ሁለት ባለ 47 ማይክሮ ፋራድ በ 280 ቮልት የያዙት ጉልበት ሰው ለመጣል ይበቃል። ስለዚህ ጎን ለጎናቸው 220 ኪሎ ኦም፣ ባለ ሁለት ዋት ረዚስተር በይዱ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያፈስሰዋል። ከዚያ በኋላም በቴስተር ለክታችሁ ከ 10 ቮልት በታች ካልሆነ እጃችሁን አታስገቡ። ላሜራውን ከግራውንድ ጋር ማያያዝ የግድ ነው፤ በአንዳንድ ቤት ግን የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ አስፈትሹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት በኮረንቲው መንገድ ላይ የድሮውን ዓይነት ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በተርታ አስገቡ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራና ካልቀነሰ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀሉ። ደብዝዞ ከተረጋጋ ደህና ነው። ጋሼ ደግሞ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር የሚለኩት፤ ኮረንቲ ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ስለሆነ። ብቻችሁን አትሥሩ። ሕፃን ባለበት ክፍል አትክፈቱት።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ፣ ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ የማይለቅ እስክሪብቶ አንሱ። በላሜራው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሠራችሁበትን ቀን፣ በእያንዳንዱ ቱቦ እግር ላይ የለካችሁትን ቮልት፣ የቀየራችሁትን ካፓሲተርና የከሸፈውንም ሙከራ ጻፉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሣጥኑን ለሚከፍተው ሰው ያስፈልገዋል።

[ክራሩ ይመለሳል፤ ድምፁ ከፍ ይላል]